«አርፈሽ ተቀመጪ» ለምትባለው ነፍሰ ጡር

በየቤታችን ሴት ልጅ ማርገዟ ከታወቀ ጀምሮ የሚሰጣት ምክር አንድ ነው፤ «አርፈሽ ተቀመጪ!» ምክሩ ከአዘኔታ የመጣ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ላይ የዋለች እናት ማምሻውን ወገቧን ሲቆርጣት፣ ያለ ምክንያትም ሆድ ሲብሳት እናያለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ፣ ሐኪም ያልከለከላት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ይበቃል ማለት ነው። ያልለመደች እህት ከአሥር ደቂቃ ትጀምርና ቀስ በቀስ ትጨምር። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየተራመደች ማውራት ከቻለች ደህና ነው፤ ትንፋሽ ካጠራት ግን ታዝግም።

በእርግዝና ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን መገጣጠሚያዎችን ያላላል። ሆድ ወደ ፊት ሲገፋም ጭነቱ በወገብ ላይ ይወድቃል። የጠነከረ የጀርባና የዳሌ ጡንቻ ይህን ጭነት ይጋራል። እንቅስቃሴ ድብርትንም እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ሆኖም ሐዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቃት «የእርግዝና ጠባይ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ለጤና ባለሙያ ይነገር።

«ሚስቴ ውኃ ትቀዳለች፣ ሌላ ስፖርት ምን ያደርግላታል?» የሚሉ ባሎች አሉ። በዚህ አንስማማም። ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ወገብን ይጎዳል እንጂ አያፍታታም። ጀሪካኑን አባወራው ይያዝ፤ እሷ እጇን አወናጭፋ አብራው ትራመድ።

ከአራተኛው ወር በኋላ በጀርባ ተንጋሎ መሥራት አይመከርም፤ ማህፀኑ ትልልቅ የደም ሥሮችን ይጫናልና። ሩኩዕና ሱጁድ አካልን እንደሚያፍታቱ ብናውቅም ሰላት ዒባዳ እንጂ ስፖርት አይደለም፤ መቆም ያቃታት እህት ተቀምጣ እንድትሰግድ ተፈቅዶላታል።

በእርግዝናዋ ደም ግፊት የተነሳባት፣ ከባድ የደም ማነስ ያለባት ወይም የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር እንደሸፈነ የተነገራት ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር። በእንቅስቃሴ ላይ ሳለች ደም ከታያት፣ ፈሳሽ ከወረዳት፣ ራሷን ካዞራት፣ ደረቷን ወይም ባቷን ካመማት፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ወዲያው አቁማ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ነገን አትጠብቅ።