አሮጌ ፓርኬ ከማስላጋችሁ በፊት

በአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች የፓርኬው ወለል ሲጠቁርና ሲሻክር፣ ብዙ ሰው ወይ ነቅሎ ሴራሚክ ያስነጥፋል፣ ወይ ማሽን አስመጥቶ ያስልጋል። ከዋንዛ ወይም ከቀረሮ የተሠራ ወለል መንቀል ያሳዝነኛል፤ እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። መላጉም ቢሆን ታስቦበት ነው። የተላገ እንጨት አይመለስም። ሙሉ ጣውላ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወፍርም፣ የሚላገው ከመጋጠሚያው ምላስ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በበሩ ደፍ በኩል ውፍረቱን እዩ።

ቀጥሎ ወለሉን በጥፍር ፋቁ። ግራጫ ቅባት ከወጣ ሰም ነው፤ በየበዓሉ ሲቀባ የኖረ ሰም። ሰም በማሽኑ ሙቀት ይቀልጥና የብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ የቀረውም ቫርኒሹ እንዳይዝ ያደርጋል። አስቀድማችሁ በቲነርና በጨርቅ አንሡት። መስኮት ይከፈት፤ የቡና ከሰል እንኳ በአቅራቢያው አይኑር። ሰም ከሌለው ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉበት። ውኃው ከተንቆረዘዘ ቫርኒሹ አለ፤ ጠርጎ፣ በስሱ አሻሽቶ አንድ ጊዜ መደረብ ይበቃል። ወዲያው ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ግን ይላግ።

ብቅ ያሉ ምስማሮች ወደ ውስጥ ይመቱ። ወረቀቱ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ይሄዳል፦ 40፣ 60፣ 80፣ ከዚያ 100 ቁጥር። የአንዱ ሥራ የቀደመው የጫረውን ማጥፋት ነው። ከ40 ወደ 100 የዘለለ ሰው ጭረቱን የሚያየው ቫርኒሹ ሲያርፍበት ነው፤ ያን ጊዜ እንደገና ከመጀመር ሌላ መላ የለም። ማሽኑ ወለሉን ነክቶ ለአፍታም መቆም የለበትም፤ በቆመበት ጉድጓድ ይተዋል። መብራት ድንገት ከጠፋ ማብሪያውን አጥፉና ማሽኑን አንሡ፤ አለዚያ መብራቱ ሲመለስ በራሱ ተነሥቶ አንድ ቦታ ይቦረቡራል።

የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የተጠራቀመውን ሰጋቱራ ማታ ቤት ውስጥ አታሳድሩ፤ የቫርኒሽ ቅሪት ያለበት ክምር በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ቫርኒሹ በስሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ በየመሀሉ በ220 ቁጥር ወረቀት አሻሽቶ ብናኙን መጥረግ ያስፈልጋል። ዘይት ያለበት እንጨቱን ወርቃማ ያደርጋል፣ ለመድረቅም አንድ ቀን ይፈልጋል። በውኃ የሚቀጥነው በሰዓታት ይደርቃል፣ የእንጨቱንም መልክ አይለውጥም። ምንጣፍ ለሁለት ሳምንት አይነጠፍ።

ብዙዎች ሥራውን ለእንቁጣጣሽ ያደርሱታል። ነገር ግን በክረምት ማብቂያ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ ነው፤ በበጋ ሲኮማተር መጋጠሚያው ይከፈታል። ኅዳር ድረስ ብትጠብቁ ይሻላል።