ብሬከሩ የማይሰማው ጩኸት

ወፍጮ ባለበት የገጠር ከተማ ያደገ ሰው ወፍጮው መነሳቱን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በዓይኑም ያውቃል። አምፖሉ ለአፍታ ይቀላና ይመለሳል። ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ከወትሮው አምስትና ስድስት እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ነው። ይህች የአፍታ መቅላት ለመስመር ዘርጊው ትልቅ ራስ ምታት ናት።

ከሰቆጣ ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ ወፍጮ ሊተከል ነው እንበል። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነው ትራንስፎርመር መንገድ ዳር ቆሟል፤ ወፍጮው 300 ሜትር ይርቃል። ሞተሩ 22 ኪሎ ዋት ነው፤ በ380 ቮልት 45 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም የአየር ኬብል እስከ 80 አምፔር ገደማ ስለሚችል ባለሱቁ «16 ይበቃሃል» ቢል አልዋሸም። ባለ 63 አምፔር ብሬከር ይጨመርና ሥራው አለቀ ይባላል።

አላለቀም። ኬብሉ አይቃጠልም እንጂ ቮልቴጁን በመንገድ ይበላዋል። የዚህ ኬብል ተቃውሞ በኪሎ ሜትር 1.91 ኦም ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ከ380ው ቮልት 38 ያህሉ ወፍጮው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ሲነሳማ ጉድለቱ ሩብ ያህል ይደርሳል። የሞተር የማዞር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ስለሚወርድ፣ ሩብ ቮልቴጅ የጎደለበት ሞተር የሚቀረው ጉልበት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ማሽላ የሞላ ወፍጮ በዚህ ጉልበት ላይነሳ ይችላል።

ይህ ግን ቢያንስ ይታያል፤ የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ወፍጮው ደጃፍ ላይ ፌዙና ኒውትራሉ ተነካክተው ኮንታክት ተፈጠረ እንበል። ከረንቱ 300 ሜትር ሄዶ 300 ሜትር ይመለሳል፤ የመንገዱ ተቃውሞ 1.15 ኦም ይሆናል። 220ን ለ1.15 ብናካፍል 191 አምፔር እናገኛለን። ጤነኛው ሞተር ሲነሳ ደግሞ 270 አምፔር ይስባል። አደጋው ከጤናው ያነሰ ድምፅ አለው ማለት ነው!

ብሬከር የሚሰማው መጠንን ብቻ ነው። «ሲ» የሚባለው ዓይነት ወዲያው የሚዘለው ከተጻፈበት አምፔር ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲያልፍበት ነው፤ ለ63 አምፔሩ ከ315 እስከ 630 አምፔር መሆኑ ነው። 191 አምፔር ሲያልፍ ግን ውስጡ ያለው ብረት ግሎ እስኪጣመም ይጠብቃል፤ በነዚያ ሰከንዶች መነካኪያው ላይ የሚበራው ፍንጣሪ ጭድ ቤት ለማንደድ አያንሰውም። «ዲ» የተባለው፣ ሞተር ሲነሳ እንዳይዘል የሚገዛው፣ ከ630 አምፔር በታች የሆነን ነገር ወዲያው አይሰማም።

መፍትሔው አንድም ኬብሉን ማወፈር ነው። ባለ 95 ካሬ አሉሚኒየም ቢዘረጋ፣ የትራንስፎርመሩ የራሱ ተቃውሞና የሽቦው መሞቅ ታስቦ እንኳ የኮንታክቱ ከረንት ወደ 800 አምፔር ይጠጋል፤ «ሲ» ይሰማዋል። የብረቱ መጠን ግን ስድስት እጥፍ ነው። እኔ ብሆን ትራንስፎርመሩን ወደ ወፍጮው አስጠጋዋለሁ። 380 ቮልት ላይ 152 አምፔር የሚሆነው ሙሉ ጭነቱ 33 ኪሎ ቮልት ላይ 1.75 አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ርቀቱን ከፍተኛው ቮልቴጅ በቀጭን ሽቦ ይወጣዋል።

እዚያ ላይ፣ ምሰሶው አናት የተሰቀለው ፊውዝ የራሱ ጣጣ አለው። ትራንስፎርመር ሲበራ እምብርቱ ማግኔት ጠግቦ፣ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ከሙሉ ጭነቱ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ሊስብ ይችላል። ለ1.75 አምፔር ልክ የተገዛ ፊውዝ ያለ ጥፋቱ ይበጠሳል። ያኔ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ መሰላል ይዞ ወጥቶ በፊውዙ ቦታ ሽቦ ያስራል።

ከፍታውም አለ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ናት፤ የዓለም አቀፉ ደረጃ ትራንስፎርመርን እስከ 1,000፣ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ብሬከርን እስከ 2,000 ሜትር ያለ ማስተካከያ ይቀበላል። ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ የእሳት ብልጭታንም እንደ ቆላ አየር አያግድም። ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብሬከር የተለካው በ30 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያለ አንዳች ጥፋት ይዘላል። ባለወፍጮው ሦስት አራት ቀን ይታገሠዋል፤ ከዚያ ገበያ ወርዶ ባለ 100 አምፔር ይገዛል፣ ኬብሉ ግን ያው 16 ነው።