ፍሬኑ እምቢ አላለም

ከአየር ጤና እስከ ቤተል፣ ከቤተል እስከ ዓለም ባንክ «የኤሌክትሪክ መኪና በራሱ ጊዜ ይፈተለካል፤ ፍሬኑም እምቢ ይላል» የሚለው ወሬ መብዛቱ ያሳስበኛል። እውነተኛውን አደጋ ይሸፍናልና።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ለልጁ መኪና የሚፈልግ ቤተሰብ የሚቀርብለት ሌላ ዓይነት መኪና ነው። ትናንት አሮጌ ቪትዝ ይገዛለት የነበረ ወጣት ዛሬ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ይገዛለታል። ቪትዙ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበትና አንድ ቶን ያህል ክብደት ነበረው፤ ይኼኛው 204 የፈረስ ጉልበትና ከሁለት ቶን የማያንስ ክብደት አለው።

ዋናው ነገር ግን ጉልበቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ስቦ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ዙሩን ከፍ አድርጎ ነው አቅሙን የሚያወጣው፤ ደጅ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደሚገባ አባወራ መምጣቱን በጩኸት ያሳውቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚሽከረከረው በጅረትና በማግኔት ነው። ጅረቱ ጎማው ቆሞ ሳለም ሊፈስ ስለሚችል ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉ ገና ከመነሻው አለ፣ ያውም ያለ ድምፅ። ፍጥነትን በጆሮው መለካት የለመደ ጀማሪ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መስሎት 80 ይደርሳል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ አንዱ በ60 ሌላው በ80፣ ሕፃን ድንገት መንገድ ገባ እንበል። ሁለቱም ሾፌሮች ፍሬን ለመርገጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በደረቅ አስፋልት የመጀመሪያው 37 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። ሁለተኛው በዚያች ሰከንድ ብቻ 22 ሜትር ሄዷል፤ የቀሩት 15 ሜትሮች ናቸው። የመጀመሪያው የቆመበት ቦታ ሲደርስ ገና በ60 ይከንፋል። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና።

«ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለውስ? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአውዲ 5000 መኪና ላይ ይኸው ክስ ተነስቶ ነበር። የመንግሥት ምርመራ በ1989 እ.ኤ.አ. ያገኘው፣ አብዛኞቹ ሾፌሮች ፍሬን የረገጡ እየመሰላቸው ነዳጅ መስጫውን መርገጣቸውን ነው። እርግጥ ፔዳል የሚይዝ ምንጣፍና የሚጣበቅ ፔዳልም አጋጥመዋል፤ ቶዮታ በዚህ ምክንያት ብዙ መኪኖቹን ለጥገና ጠርቷል።

ጉልበት ብቻውን ነው ወይ የሚገድለው? ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ ፍጥነት ወዳዱ ራሱ ፈጣን መኪና ስለሚመርጥ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያና ኩዊንስላንድ ጀማሪዎች በቶን ከ130 ኪሎዋት በላይ ያለው መኪና እንዳይነዱ ተከልክለዋል፤ አይዲ 4 ግን 70 አካባቢ ስለሆነ ያልፋል። ስለዚህ ቀመሩ በቂ አይደለም። ክርክር የሌለበት ነገር፣ ብቻውን መንዳት ለጀመረ ወጣት እጅግ አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ወራት መሆናቸው ነው።

ሻጮችና ደላሎች ሆይ፣ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት መሪውን ማን እንደሚይዝ ጠይቁ። ጀማሪ ከሆነ አነስተኛ ጉልበት ያለውን አሳዩ፤ ካልሆነም የፍጥነት መገደቢያውን እንዴት እንደሚያበሩት ለወላጆቹ አሳይታችሁ አስረክቡ። ወላጆችም፣ እነዚያ ወራት እስኪያልፉ ልጃችሁ ያለ እናንተ ወደ ቀለበት መንገድ አይውጣ።