ለመማር የመሸበት አእምሮ የለም

ረመዳን ሲገባ በድሬዳዋ ቤቶች የቁርኣን ድምፅ ይበረክታል። ልጆች ይቀራሉ፣ አያቶች ጥግ ይዘው ያዳምጣሉ። ከእነዚህ አያቶች መካከል «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» ብለው ፊደሉን መለየት የሚመኙ፣ ግን «በስተርጅና ምን ይገባኛል?» ብለው ምኞታቸውን የሚውጡ ጥቂት አይደሉም። አንዳንዴ ተስፋ የምናስቆርጣቸው እኛው ልጆቻቸው ነን።

ቀደም ሲል ብዙ የሕክምና ሊቃውንትም የጎልማሳ አእምሮ አይለወጥም ይሉ ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ሌላ ነው። አዲስ ነገር ተምረን ስንደጋግመው በአእምሯችን የነርቭ ሴሎች መካከል ያለው ግንኙነት ይጠነክራል፤ ያልተሠራበት ደግሞ ይላላል። ይህ ችሎታ ከዕድሜ ጋር ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ልጅ በሦስት ቀን የሚይዘውን አያት በሦስት ሳምንት ይይዙት ይሆናል፤ ግን ይይዙታል።

ድሬዎች ደግሞ ሳናውቀው አእምሯችንን ስናሠራ ኖረናል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማችን ከደረሰ ወዲህ ብዙ ቋንቋ እዚህ ተገናኝቷል። ቀፊራ ገበያ የምትነግድ እናት ለአንዱ ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማሊኛ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ ዋጋ ትናገራለች። አንዱን ቋንቋ መርጦ ሌላውን መግታት ለአእምሮ ትልቅ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በህንድ ሃይደራባድ 648 የመርሳት በሽታ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆኗል። ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩት ሕመሙ የታየባቸው አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገሩት በ4 ዓመት ተኩል ዘግይቶ ነው። ልዩነቱ ማንበብና መጻፍ በማይችሉት ላይም ታይቷል። ቋንቋ በሽታውን ይከለክላል ማለት ግን አይደለም። ቢሆንም አያት በቋንቋቸው ሲያወሩ ልጆች በሌላ ቋንቋ ብቻ እየመለሱ ጨዋታው ከተቋረጠ፣ ሁለቱም ወገን ይጎዳል።

እግርም ለአእምሮ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆኑ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን፣ 40 ደቂቃ ለአንድ ዓመት ተራመዱ። ትውስታን የሚያግዘው የአእምሮ ክፍላቸው 2 በመቶ ያህል አደገ። የድሬ ሙቀት ሲበርድ አቅም ያላቸው ሽማግሌዎች ለተራዊህ በእግር ቢሄዱ ከምንዳው ሌላ ይህም አላቸው።

እንቅልፍንም አንርሳ፤ ቀን የተማርነው በአእምሮ የሚረጋው ሌሊት ነው። ከተራዊህ በኋላ እስከ ሱሁር በወሬ ማንጋት የተማሩትን ያስረሳል። መርሳቱ የለመዱትን መንገድ እስከማሳት፣ የቤተሰብ ስም እስከማጥፋት ከደረሰ ግን «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ሐኪም ይየው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የመጀመሪያው ወሕይ ሲወርድላቸው 40 ዓመታቸው ነበር። ከሶሓቦቻቸውም ብዙዎቹ ቁርኣንን የተማሩት ጎልምሰው፣ አንዳንዶቹም ሸብተው ነው። እንግዲህ ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ የልጅ ልጅ ከአያት ጎን ይቀመጥ። ሩብ ሰዓት፣ አንድ ፊደል ይበቃል። ነገ ያው ፊደል ይደገም፤ ሌላ ይጨመር። ለዒድ አምስት ፊደል የለዩ አያት ለከርሞው ረመዳን የት እንደሚደርሱ አላህ ያውቃል።