ተጨማሪ መረጃ፦ በአንኮበር መንገድ ጠመንጃ ሲወጣ፣ ሰው ሲወርድ

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ መድፍና ጠመንጃ በስጦታ ይዞ አንኮበር ገባ። በዚያው ዓመት ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቀው አንጎለላ፣ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ንጉሡ በዘመቻ የተማረኩ ኦሮሞዎችንና በጎንጮ የታሰሩ የንጉሣውያን ቤተሰብ አባላትን በእሱ አማላጅነት እንደፈቱ ሃሪስ በመጽሐፉ ይተርካል። ምሕረቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና የዘመቻውን ጉልበት የሚጨምረው መሣሪያ የመጣው ከዚያው ከአማላጁ እጅ ነበር፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

በአንኮበር ሥር የምትገኘው አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። ከሸዋ ወደ ታጁራ ወደብ በሚወስደው መንገድ ጠመንጃ ይወጣ፣ ባሪያ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦና ሸሪኩ ላባቱ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ያዘጋጁት መሣሪያ ታጁራ ላይ ሲታገድባቸው፣ ለሀገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጻፉ፤ መሣሪያ ማስገባትና ባሪያ ማስወጣት አይገናኙም ሲሉ ተከራከሩ። የነጋዴ ክርክር ነው፤ ሁለቱም ንግድ በአንድ በረሃና በአንድ ወደብ ያልፍ ነበር።

የባሪያ ንግድን ለመግታት የተጠራው የብራስልስ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1890 ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ሰነድ አሰራቸው። ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1923 ኢትዮጵያን የመንግሥታት ማኅበር አባል ሲያደርጉም ባርነትን ለማጥፋትና የመሣሪያ ንግድን ለመቆጣጠር ቃል መግባት ግድ ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትሰናዳ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ነው።