የጊታር ቡስት ፔዳል

ቡስት ፔዳል ከኤሌክትሪክ ጊታር የሚወጣው ደካማ ሲግናል ወደ አምፕሊፋየሩ ከመድረሱ በፊት የሚያጎላ፣ በእግር እየተረገጠ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ከዲስቶርሽንና ከፈዝ ፔዳሎች የሚለየው ዋና ሥራው ድምፁን ማሻከር ሳይሆን የሲግናሉን ጉልበት መጨመር በመሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ማዞሪያ ብቻ ይኖረዋል። ሆኖም ሁሉም ቡስት ፔዳሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ልዩነታቸው የሚታየው በሚያጎሉት የድምፅ ክልል፣ በውስጣቸው ባለው የማጉያ ዓይነትና በተለይም በሚቀመጡበት ቦታ ነው።

አሠራር

የጊታሩ ክር ሲመታ ከሥሩ ያለው ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይለውጣል። ቡስት ፔዳል ይህን ቮልቴጅ በተወሰነ እጥፍ ያበዛዋል። የማጉላቱ መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 6 ዴሲቤል ሲጨመር ቮልቴጁ 2 እጥፍ፣ 20 ዴሲቤል ሲጨመር 10 እጥፍ፣ 26 ዴሲቤል ሲጨመር ደግሞ 20 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

አብዛኞቹ ፔዳሎች በ9 ቮልት ስለሚሠሩ ከዚያ በላይ የሚወዛወዝ ሲግናል ማውጣት አይችሉም። ለምሳሌ ግማሽ ቮልት የሆነ ሲግናል 20 እጥፍ ቢጎላ 10 ቮልት መድረስ ነበረበት፤ ቦታ ስለማይበቃው ግን የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ድምፁም ይሻክራል። ስለዚህ «ንጹሕ» የሚባል ቡስት እንኳን ንጹሕ የሚሆነው እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ብቻ ነው።

ዋና ዋና ዓይነቶች

ትሬብል ቡስተር፦ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አስበልጦ የሚያጎላ ነው። የታወቀው ምሳሌ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በእንግሊዝ አገር የተሠራው ዳላስ ሬንጅማስተር ነው። ይህ መሣሪያ በእግር የሚረገጥ ሳይሆን በአምፕሊፋየሩ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ነበር። በውስጡ ያለው አንድ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ብቻ ሲሆን፣ መግቢያው ላይ ያለው አነስተኛ ካፓሲተር ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሳል። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ አምፕሊፋየሮች ሲጮሁ ድምፃቸው የደፈነና የጨለመ ይሆን ስለነበር፣ ሬንጅማስተር ይህን አጥርቶ ጊታሩ ከባንዱ መካከል ጎልቶ እንዲሰማ አደረገ። ሮሪ ጋላገር፣ ብራያን ሜይና ቶኒ አዮሚ በዚህ መሣሪያ ከተጠቀሙ ጊታሪስቶች መካከል ናቸው። ጉድለቱ ጀርማኒየም በሙቀት መለዋወጥ ጠባዩን መቀየሩ ነው። በጥንቱ አሠራር የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ከመሬት መስመር ጋር ስለሚያያዝም፣ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር የኃይል ምንጭ መጋራት ያስቸግረዋል።

ንጹሕ ቡስት፦ ሁሉንም የድምፅ ክልል በተቀራረበ መጠን ያጎላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ያወጣው ኤል.ፒ.ቢ.-1 ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ አንድ የሲሊከን ትራንዚስተርና አንድ ማዞሪያ ብቻ አለው። በ1970ዎቹ የወጣው ኤም.ኤክስ.አር. ማይክሮ አምፕ በአንጻሩ የሚሠራው በተቀናጀ ሰርኪዩት ሲሆን እስከ 26 ዴሲቤል ያጎላል። ኤል.ፒ.ቢ.-1 ከፍ ሲደረግ ራሱ ትንሽ ይሻክራል፤ ማይክሮ አምፕ የጊታሩን ድምፅ ይበልጥ እንዳለ ያሳልፋል።

የጄፌት ቡስት፦ ጄፌት በሚባል የትራንዚስተር ዓይነት የሚሠራ ነው። መነሻው ኢኮፕሌክስ ኢ.ፒ.-3 የተባለው በቴፕ የሚሠራ የገደል ማሚቶ መሣሪያ ነው። ጊታሪስቶች ማሚቶው ተዘግቶ እንኳን ድምፃቸው በመሣሪያው ሲያልፍ እንደሚያምር በማስተዋላቸው፣ የመግቢያው ማጉያ ብቻውን ተለይቶ በፔዳል መልክ ተሠራ። ዞቲክ ኢ.ፒ. ቡስተር የዚህ ምሳሌ ሲሆን እስከ 20 ዴሲቤል ያጎላል።

መካከለኛ ድምፅን የሚያጎላ፦ አይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር በመሠረቱ የኦቨርድራይቭ ፔዳል ነው፤ የማሻከሪያው ማዞሪያ ዝቅ፣ የድምፅ መጠኑ ከፍ ሲደረግ ግን እንደ ቡስት ያገለግላል። ወፍራሙን ድምፅ ስለሚቀንስ በጣም በሻከረ አምፕሊፋየር ላይ የባሱን መድፈን ያጠራል።

የአቀማመጥ ቦታ

የአንድ ቡስት ውጤት ከዓይነቱ ይልቅ በቦታው ሊወሰን ይችላል። ከዲስቶርሽን ፔዳል በፊት ወይም አስቀድሞ እየሻከረ ካለ የቱቦ አምፕሊፋየር በፊት ሲቀመጥ፣ ተቀባዩ ሞልቶ ስለሆነ ጩኸቱ ብዙም አይጨምርም፤ የሚጨምረው መሻከሩና የኖታው ርዝመት ነው። ከዲስቶርሽኑ በኋላ ሲቀመጥና አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ሲሆን ግን የድምፁ ጠባይ ሳይለወጥ መጠኑ ይጨምራል። በሶሎ ጊዜ ቡስቱን ረግጦ ከባንዱ በላይ ሊሰማ ያልቻለ ጊታሪስት ብዙ ጊዜ ችግሩ የፔዳሉ ድክመት ሳይሆን ይህ ነው። አምፕሊፋየሩ የኢፌክት መውጫና መግቢያ ካለው፣ ቡስቱን እዚያ መሰካት የመግቢያው ክፍል ካሻከረው በኋላ መጠኑን ለመጨመር ይረዳል።

የጀርማኒየም ትሬብል ቡስተር በበኩሉ በቀጥታ ከጊታሩ ቀጥሎ ሲሰካ የተሻለ ይሠራል። መግቢያው ከፒክአፑ ጋር ተጣምሮ ስለሚሠራ፣ በመካከል ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ማጉያ ከገባ ድምፁ ከልክ በላይ ቀጭንና ወጊ ሊሆን ይችላል።

ንጽጽር

ንጹሕ አምፕሊፋየር ላይ መጠን ብቻ መጨመር ለሚፈልግ ንጹሕ ቡስት፣ የደፈነ የቱቦ አምፕሊፋየር ላለው ትሬብል ቡስተር፣ ለድምፁ ጥቂት ለዛ ለሚሻ ደግሞ የጄፌት ቡስት ይስማማል። ሁለት ፔዳሎች ሲወዳደሩ የሁለቱም የማጉላት መጠን እኩል መደረግ አለበት። የሰው ጆሮ ጎላ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ስለሚሰማ፣ መጠኑ ካልተስተካከለ የሚመረጠው የሚያምረው ሳይሆን የሚጮኸው ይሆናል። ፈተናውም ጊታሪስቱ በሚጠቀምበት አምፕሊፋየርና ከባንድ ጋር በሚጫወትበት የድምፅ መጠን ቢደረግ ውጤቱ የበለጠ ይታመናል፤ በዝቅተኛ ድምፅ ቤት ውስጥ ንጹሕ የነበረው አምፕሊፋየር መድረክ ላይ ሲጮህ ራሱ ሊሻክር ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ መጠን የጨመረው ያው ፔዳል መድረክ ላይ መሻከርን ብቻ ሊጨምር ይችላል።