በአማርኛ የሚያወሩት ቱርኮች እና የሸገር ዙሪያ ተመልካቾች

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር አቧራው የተነሳው አዲስ አበባ መሃል ነበር። የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች በማኅበሮቻቸው በኩል ተቃውሞ አሰሙ። በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡት የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ባህል ይሸረሽራሉ፣ የአገር ውስጡንም ሥራ ከገበያ ያስወጣሉ አሉ። ለጣቢያው የቆሙት ደግሞ ተመልካቹ ፈቅዶ የመረጠው ነው፣ ድምፅ የሚሰጡትም የአገር ልጆች ናቸው ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ከመነሻው ግን ጎደሎ ነበር፤ ስለ ተመልካቹ ብዙ ተወራ እንጂ እሱ ራሱ ምን ወደደ፣ ምንስ ከነከነው ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገድ የሚወጣ ሰው የሚያገኛቸው እነዚህ ከተሞች በአንድ ሳሎን ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አብረው የሚኖሩባቸው ናቸው። አያት በአንዱ ቋንቋ ትመርቃለች፣ የልጅ ልጅ በሌላው አሜን ይላል።

ጊዜውንም ማስታወስ ይገባል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ማስተር ፕላን በተቃውሞ ብዛት የተሰረዘው በዚያው ዓመት ጥር ወር ነው። ያ ዕቅድ የሚነካው እነዚህን ከተሞች ነበር። በቀጣዩ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሳተላይት ጣቢያዎቹን ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከትም ተከለከለ። ስለዚህ በቡራዩ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ በዚያን ሰሞን ተራ ዕቃ አልነበረም። በሪሞት ጥቂት ቁጥር ብቻ ተራርቀው በአንድ በኩል ስለ ከተማቸው የሚወራ፣ ነገር ግን ማየቱ የሚያስጠይቅ ዜና አለ፤ በሌላ በኩል የኢስታንቡል ባሕር ዳር ላይ ባለ ቪላ ውስጥ የሚላቀሱ ፍቅረኞች። ብዙ ቤት ሁለተኛውን መረጠ። ይህን የባህል መሸነፍ ብሎ መጥራት ሰዎቹን አለማወቅ ነው። ቀኑን በስጋት የዋለ ቤተሰብ ማታ ላይ ማንም የማይጠይቀው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የማያጋጭ ወሬ ፈልጎ ነበር።

የድራማው አቀራረብም ረድቷል። የኢትዮጵያ ተመልካች ተከታታይ ድራማን ያውቅ የነበረው በሳምንት አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነበር። በ«ሰው ለሰው» ድራማ ዘመን አበበ ባልቻ የሚጫወተውን አስናቀን ለማየት ሰባት ቀን ይጠበቅ ነበር። በቱርክ ድራማው በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት ያህል ይታያል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ግን እየተቆራረጠ ለየዕለቱ ይከፋፈላል። «ጥቁር ፍቅር»ና «ኩዚ ጉኒ» በየምሽቱ የሚመጡ እንግዶች ሆኑ። የአገር ውስጡ አዘጋጅ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለመሥራት ገንዘብ ሲለምን፣ ተቀርጾ ያለቀ ታሪክ ድምፁ ብቻ ተለውጦ ማታ ማታ ደረሰ። ባለሙያዎቹ በዚህ መከፋታቸው እውነት አለው፤ ውድድሩ እኩል አልነበረም።

ሌላው ምስጢር አነጋገሩ ነው። በ2000 ዓ.ም. «ኑር» የተባለው የቱርክ ድራማ በኤምቢሲ ለዓረቡ ዓለም የቀረበው በመጽሐፉ ዓረብኛ ሳይሆን በሶርያ የዕለት ተዕለት ንግግር ነበር። ቤቶችን ሁሉ የከፈተለትም ይህ ነው፤ የሳዑዲ ዓረቢያ ታላቁ ሙፍቲ እስኪያወግዙት ድረስ። ቃናም እንዲሁ የዜና አንባቢውን አማርኛ ትቶ ሰው ቤቱ የሚያወራውን አማርኛ ያዘ። ሥራው ቀላል እንዳይመስለን። ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ከፊትና ከአፍ ጋር ማስማማቱ በመጠኑ ይቀናል፤ ነገር ግን ቱርክኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን አይለይም። ነፍሰ ገዳዩ ማን እንደሆነ በተሰወረበት ድራማ የቱርኩ ጸሐፊ ያለ ጭንቀት የሚደብቀውን፣ አማርኛ ተርጓሚው በአንድ ግስ ወንድ ወይም ሴት ብሎ ያጋልጠዋል። ከዚያ ለማምለጥ አረፍተ ነገሩን ከሥሩ መገልበጥ አለበት። «አንቺ» መባል ያለባት የትኛዋ ናት፣ «እርስዎ» የምትባለውስ አማት መቼ ነው «አንቺ» የምትባለው? ይህን ሁሉ የሚወስነው አዲስ አበባ የተቀመጠው ሰው ነው። እንደዚያ ሲሆን ድራማው እንደገና የተጻፈ ያህል ነው፤ የዳቢንግ ባለሙያዎቻችን ለዚህ ተገቢውን ክብር አላገኙም።

ቅሬታውም የዚያኑ ያህል ነው። ወላጆች ልጆች እንቅልፍ አጥተው ስለሚያዩት መሳሳምና መጠጥ ይቆጫሉ፤ ጥናት ተስተጓጎለ ይላሉ። ሌሎች አንድ ድምፅ በሁለት ድራማ ለሁለት ሰው ሲናገር ታሪኩ ይበላሽብናል ባዮች ናቸው። እኔ ከሁሉም በላይ የማከብደው ብዙም የማይነገረውን ነው። ያ ለስላሳ አማርኛ የአዲስ አበባ ወጣት አማርኛ ነው። ባለጸጋውም ሎሌውም፣ የገጠር አባትም የከተማ ጠበቃም በአንድ አንደበት ይናገራሉ። የሱሉልታ ሽማግሌ በዚያ ውስጥ የራሱን ዓይነት አነጋገር አያገኝም፤ አፋን ኦሮሞማ ጨርሶ የለም። ከቴሌቪዥኑ ፊት አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ «አሁን ምን አለቻት?» ለምትል አያቱ በሹክሹክታ የሚያስተረጉም ከሆነ፣ ድራማው ወደዚያ ቤት የገባው በግማሹ ነው።

ሰበታ ላይ ሌላ ተመልካች አለ፤ ተመልካች የሚለው ቃል ከሚይዘው ውጭ ያለ። በከተማዋ ለረጅም ዘመን ዓይነ ስውራንን ያስተማረው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይገኛል። ከታች በጽሑፍ የሚተረጎም ፊልም ለማያይ ሰው፣ ፊደል ላልቆጠረችም እናት፣ ዋጋ የለውም። በድምፅ የቀረበው ግን ሁለቱንም ይጋብዛል። ባህል ተነካ በሚለው ክርክር ውስጥ ይህን ያነሳ ሰው አላጋጠመኝም፤ ለእኔ ግን የዳቢንግ ትልቁ ውለታ እሱ ነው።

ወጣቶቹ በበኩላቸው ከቃናም አልፈው ሄደዋል። ፍላሽ ላይ የሚጫኑና በቴሌግራም የሚዞሩ ትርጉም ፊልሞች አንድ ተራኪ ብቻ ይዘው ዘንዶና ሰይፍ ያለባቸውን ታሪኮች ያደርሷቸዋል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በዚህ መንገድ ታይቷል።  ምናባዊ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ያወሩት ተረት፣ የሚናገር አንበሳና የሚያታልል ቀበሮ የሞላበት ነበር። በኦሮሞ ሽማግሌዎች አፍ ያለውም ተረት ከዚያ አያንስም። ያንን ወደ ስክሪን የሚያመጣ ባለገንዘብ ግን አልተገኘም።

ለውጥ አልመጣም ማለት አይቻልም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮሳት የአገሪቱን ጣቢያዎች በአንድ ሳተላይት ሰብስቦ ዲሽ ሠራተኞችን በየጣሪያው አዙሯል፤ ከምዕራቡ ናይልሳት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። አቦል ቲቪ በ2014 ዓ.ም. ሲመጣ እንደ «አደይ» ያሉ የአገር ውስጥ ድራማዎች በየዕለቱ መቅረብ እንደሚችሉ ታየ። የቃና ፉክክር የአገር ውስጡን ሥራ ገደለው ከማለት ይልቅ፣ የተመልካቹን ትዕግሥት አሳጥሮ አምራቹን አስገደደው ማለት ይቀለኛል።

ቢሆንም እነዚህ የአገር ድራማዎች ሲሠሩ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ቦሌ ነው፣ ካፌው ቦሌ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ፋብሪካ፣ እርሻና አዲስ መንደር ጎን ለጎን የቆሙባቸው፣ መሬት የሸጠና መሬት የገዛ ጎረቤት የሆኑባቸው ከተሞች። ከቡራዩ አሸዋ ሜዳ የሚነሳ ታክሲ ውስጥ አንድ ጨዋታ በአፋን ኦሮሞ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል፤ ማንም አይደናገጥም። እንዲህ የሚናገር ድራማ መጻፍ የሚችሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚጫወቱ ተዋንያንም አሉ፤ በዳቢንግ የሠለጠኑ የድምፅ ባለሙያዎችም አሉ። የጎደለው ለአንድ ዓመት ያህል ወጪውን ሸፍኖ የምሽት ሰዓቱን የሚሰጣቸው ጣቢያ ነው። በ2008 ዓ.ም. መግለጫ የሰጡት ማኅበራትም ድምፃቸውን ዛሬ ለዚህ ቢያሰሙት እኔ ከጎናቸው እቆማለሁ።